በር ትገጥማለህ?

ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያጋልጠኝ ፈርቼ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጋልጫለሁና። ባሕር ሳላይ ግን ስለ ባሕር አሥራ አንድ ግጥም ጽፌያለሁ። በአራቱ መርከብ ይሰምጣል። በሦስቱ አንዲት ሴት ወደብ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በቀሩት ደግሞ እኔው ራሴ አለት ላይ ተቀምጬ ማዕበሉን እያየሁ አዝናለሁ፤ ለምን እንደማዝን በየትኛውም ግጥም አልተገለጸም።

የምኖረው ከሚሴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ ፋይሉ ሲጠፋ "ነገ ይምጡ" እላለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ገጣሚ ነኝ። ከሰባት እስከ አሥር የምንሆን ሰዎች ከአንድ አዳራሽ ጓሮ ባለች ክፍል እንሰበሰባለን። ግማሾቻችን በኦሮምኛ፣ ግማሾቻችን በአማርኛ እንጽፋለን። ስንተቻች ግን በሁለቱም ነው፤ አንዱ ቋንቋ ብቻውን ለነቀፋችን አይበቃም።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ አስፈልጓቸውም አያውቅ። የዛሬ ዓመት ገደማ በአንዱ ቅዳሜ አሥራ አንደኛውን የባሕር ግጥሜን አነበብኩ። መርከቧ ሰመጠች። ነፋሱ የአበባ ሽታ ይዞ ከማዶ መጣ። እኔም ወረቀቴን አጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጭብጨባውን ጠበቅሁ።

"ባሕሩን የት ነው ያየኸው?" አሉ መምህሩ።

ዓይኔን ገለጥሁ። "ሐይቅን አይቼዋለሁ።"

"የደሴውን ሐይቅ?"

"አዎ።"

"እዚያ ላይ መርከብ ይሄዳል?"

"ከአውቶቡስ መስኮት ስለሆነ ያየሁት፣ በደንብ አልለየሁትም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በኦሮምኛ የምትጽፈው ነርስ ሳቋ አልቆም ቢላት አፏን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። መምህሩ ብቻ አልሳቁም፤ እሱ ነው የባሰኝ።

"ለሚቀጥለው ስትመጣ" አሉኝ፣ "በእጅህ የነካኸውን ነገር ይዘህ ና። ያሰብከውን አላልኩም። የነካኸውን።"

ፍለጋውን ከቤቴ ጀመርኩ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና የመኪናዋን አንገት በመዳፌ ያዝኩ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለችኝ።

"እየነካሁት ነው።"

"መርፌ አለው፣ እጅህን አንሳ።"

ያም ሆኖ ጻፍኩ። "አንቺ መኪና፣ በእንባሽ የምትሰፊ" ብሎ የሚጀምር ነበር። ለሷ አነበብኩላት። መስፋቷን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"እንባ አይደለም፣ ዘይት ነው" አለች። "እሱም ከተንጠባጠበ ችግር ነው። የሰው ቀሚስ ላይ ጠብ ቢል ማን ይከፍላል፣ አንተ ነህ?"

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ቦርከና ወረድኩ። ወንዝ ማለት የሚነካ ነገር ነው። ዳር ላይ ቁጢጥ ብዬ እጄን ውኃው ውስጥ ከተትኩና ስሜት እስኪመጣልኝ ጠበቅሁ። ራቅ ብለው ሁለት ሰዎች ባጃጅ ያጥቡ ነበር። አንደኛው ጮኾ "ስልክህ ገባ እንዴ?" አለኝ። "አይ" ልል አፌን ስከፍት ሁለቱም ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ገብተዋል። "አብሽር፣ እናወጣዋለን!" እያሉ ጭቃውን በእጃቸው ይዳብሱ ጀመር። ምን ልበላቸው? ስሜት ነው የጠፋኝ ልበል? ዞር ብዬ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና "አገኘሁት!" አልኩ። "ማሻአላህ፣ ደረቅ ነው!" ብለው በጣም ተደነቁ። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል አልሄድኩም።

አንድ ሳምንት እንዲህ አለቀ። ከዚያ እውነተኛ ገጣሚ ገበያ ይወጣል አልኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ባቲን ነበር። ግን ባቲ በግጥም አልቋል፤ በክበባችን እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሁለት የባቲ ግጥም አለው፣ ግመሉ እንኳ ሳይሰለቸው አይቀርም። ስለዚህ ጨፋ ሮቢትን መረጥኩ። ገበያው በሥራ ቀን ስለሚውል ከዓመት ፈቃዴ ላይ አንድ ቀን ጠየቅሁ።

አለቃዬ ቅጹን አየና "ሰው ታሞብህ ነው?" አለኝ።

"አይ።"

"ለቅሶ ነው?"

"አይ፣ ገበያ ልሄድ ነው።"

ትንሽ አየኝና ፈረመልኝ። ባለቤቴ ለአስቤዛ የላከችኝ መስሎት በትዳሬ አዘነልኝ።

ጨፋ ሮቢት ስደርስ ገበያው ሞቆ ነበር። ማሽላ በየማዳበሪያው ተደርድሯል፣ በግና ፍየል በአንድ በኩል ይጮሃል፣ ሽንኩርቱ በሌላ በኩል ተቆልሏል። ደብተሬንና እስክሪብቶዬን አወጣሁና በእህል ተራው መካከል ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። ከፊቴ ያለውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ከረጢት፣ ጣሳ፣ ሚዛን። ቀና ስል አካባቢዬ ጸጥ ብሏል። አንዷ ሽንኩርቷን በነጠላ ሸፍናለች። አንዱ ሰውዬ ከረጢቱን ከነእህሉ ትከሻው ላይ አውጥቶ እየሄደ ነው። መነጽሬን፣ ሸሚዜን፣ ደብተሬን ሳስበው ገባኝ፤ ከገቢዎች የመጣሁ መስያለሁ።

አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። "ወንድም፣ ምንድነው የምትጽፈው? ግብር ነው?"

"ኧረ አይደለም!" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ገጣሚ ነኝ! ገጣሚ!"

በሕይወቴ ይህን ቃል በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ከጎን ማሽላ በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጡ የነበሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጣሳቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው በራ።

"ገጣሚ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"በር ትገጥማለህ?"

እንግዲህ እዚህ ላይ "አልገጥምም" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል እንኳ አይደለም፣ አንድ ቃል ነው። ብዙ ጊዜ ለምን አላልኩም ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። እውነቱ ይህ ነው፤ ገጣሚ መሆኔን ሰምቶ ደስ ያለው ሰው ከዚያ ቀን በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም። እናቴ ስትሰማ አልቅሳለች። አማቼ ርእሱን ቀይረዋል። እኚህ እናት ግን እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው "አልሃምዱሊላህ! አላህ ነው የላከህ!" አሉ። በጨፋ ሮቢት ገበያ መካከል ተፈላጊ ሆንኩ። ወዲያው ሽንኩርቷን የሸፈነችው ሴት ነጠላውን ገለጠችና "የኔንም መስኮት!" አለች። ከኋላዋ ሌላዋ ስለ አልጋ እግር አንድ ነገር አለች።

እማማ ማሽላቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ተነሡ። "በልበላው ከተገነጠለ ሁለት ወሩ ነው" አሉኝ መንገድ ላይ። በልበላ ኦሮምኛ ነው፣ በር ማለት ነው፤ እሳቸው ሲናደዱ ወደ ኦሮምኛ ነው የሚሄዱት። "ወይፈኑ ገፍቶ ገነጠለው። የከተማው አናጢ ነገ ነገ እያለ አደረቀኝ። ሌሊት ሌሊት ከረጢት ነው የምናስደግፍበት።"

መንገድ ላይ እውነቱን ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። አልተናገርኩም። ደግነት እንዳይመስላችሁ። እያዳመጥኳቸው በሆዴ ስንኝ እየቋጠርኩ ነበር። በር የሌላት ባልቴት! ከረጢት ተደግፋ የምታድር እናት! ይህን የመሰለ ርእስ በእግሩ ሄዶ የመጣለት ገጣሚ በወሎ ምድር ማን አለ? ባላቸው የሞቱባቸው መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም፤ ለግጥሙ ስለሚስማማ እኔው ገደልኳቸው።

ቤቱ ስንደርስ ከጠበቅሁት የተሻለ ነበር፤ ደህና ቆርቆሮ አለው፣ ጣሪያው ላይ ዲሽ ተተክሏል። ትንሽ ቅር አለኝ። በሩ ግን እውነትም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ቆርቆሮ የለበሰ የእንጨት በር ነው፣ ማጠፊያዎቹ ከመቃኑ ተነቅለው ተንጠልጥለዋል።

"መሣሪያህስ?" አሉኝ እማማ።

"አልያዝኩም።"

"እንዴት ያለ ገጣሚ ነህ?" ብለው ወደ ውስጥ ገቡና አንድ የእንጨት ሣጥን እየጎተቱ አወጡ። መዶሻ፣ መጋዝ፣ ካቻቢቴ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ብሎን፤ ሁሉም ዘይት ተቀብቶ በንጽህና ተቀምጧል። "የሱ ነው" አሉና በረጅሙ ተነፈሱ።

የሟች ባል መሣሪያ! ዞር ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የተነፈሱት ሣጥኑ ስለከበዳቸው መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

ከዚያ መግጠም ጀመርኩ። ስለ ሥራው ዝርዝር ባልናገር ይሻለኛል፤ ግን ከጀመርኩ አይቀር ልናገር። በሩን አንሥቼ መቃኑ ላይ ለማስደገፍ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እኔው ላይ ተደገፈ። እማማ ከአንድ ወገን ያዙልኝ። ብሎኑ በካቻቢቴ አልገባ ሲለኝ በመዶሻ መታሁት። ቀጥሎ አውራ ጣቴን መታሁ። "ቢስሚላህ በል" አሉኝ። ቢስሚላህ ብዬ ደግሜ መታሁ፣ አሁንም ጣቴን። ላብ በላብ ሆኜ ከብዙ ትግል በኋላ በሩ ቆመ። ሲከፈት መሬቱን ይፍቃል፤ ግን ይከፈታል። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት። አሥራ አንዱን የባሕር ግጥም ጽፌ ያላገኘሁትን ኩራት አገኘሁ።

በዚህ መካከል ሟቹ ባል ከዙሁር ሶላት ተመለሱ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ከትከሻው በላይ አይነሣም። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ። እኔ ሰላምታውን መመለስ አቃተኝ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀብሬያቸው፣ ሐዘናቸውን ጽፌ፣ መሣሪያቸውን ወርሼ ነበርና።

"ገጣሚ ነው፣ አላህ ላከው" አሉ እማማ።

አባባ በሩን አዩት። ከፈቱት። ዘጉት። ወደ ውስጥ ገቡና ከውስጥ አዩት። ወጡ።

"ልጄ" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ "መቀርቀሪያው የት ነው ያለው?"

ሳይ መቀርቀሪያው ውጭ ነው። የበሩን ፊትና ጀርባ አዟዙሬ ገጥሜዋለሁ።

"አሁን" አሉ አባባ፣ "ሌባ ቢመጣ እኛን ቆልፎብን ነው የሚሄደው።"

እማማ ወገባቸውን ይዘው አዩኝ። "አንተ፣ የምን ገጣሚ ነህ?"

"የግጥም" አልኩ።

"ማል ጄታ?" ምን ትላለህ ማለታቸው ነው።

"ግጥም ነው የምጽፈው፣ እማማ። ስንኝ። እ... ወለሎ።"

ወለሎ ማለት በኦሮምኛ ግጥም ነው። ይህን ቃል ገበያ ላይ ባነሣው ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ። የእማማ ሳቅ መጣ። ከተረከዛቸው የሚነሣ ሳቅ ነው፤ ደፉ ላይ ተቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ "ወለሎ! ያ ረቢ፣ ወለሎ!" እያሉ ሳቁ። አባባም ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ሲደሰቱ ሳይ እውነቱን መናገር አቃተኝ።"

"አብሽር" አሉ አባባ። "ኮቱ ታኢ፣ ና ተቀመጥ። እስቲ አንድ በልልን።"

ደህና ግጥም ይዤ ቢሆን ኖሮ! በቃሌ የማውቀው ግን መርከቢቱን ብቻ ነበር። አልኳት። አባባ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጡኝ። ሰው እንዲህ አድርጎ አዳምጦኝ አያውቅም።

ስጨርስ "መርከቡ የት ደረሰ?" አሉኝ።

"ሰመጠ።"

"ከነሰዎቹ?"

"አዎ።"

"ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ለሟቾቹ ዱዓ አደረጉ። እማማም "አሚን" አሉ። እነዚያ ሰዎች ጭራሽ እንዳልተፈጠሩ፣ እኔው ቤት የሚመታ ቃል አጥቼ እንዳሰጠምኳቸው መናገር አልቻልኩም። እኔም "አሚን" አልኩ።

ዱዓው ካለቀ በኋላ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አሰብ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ" አሉኝ። "ወደቡ ላይ፣ አናጢ ነበርኩ። የመጋዘን በር ነው የምሠራ የነበረው። አንተ ነፋሱ አበባ አበባ ይሸታል ትላለህ።"

"አዎ፣ አባባ።"

"የበሰበሰ ዓሣና ናፍታ ነው የሚሸተው። ልብስህ ላይ ጨው ይደርቅብሃል፣ ስታጣጥፈው ይንኮሻኮሻል።" ይህን ያሉት ሊያሳፍሩኝ አልነበረም፤ እንደ ባልደረባ እያማከሩኝ ነበር። "ግን አንተ በሌላ በኩል አይተኸው ይሆናል" ብለው ጨመሩ። እኔም በሐይቅ በኩል ነው ያየሁት አላልኩም።

ከዚያ በሩን አወረድነው። አባባ ተቀምጠው ያዛሉ፣ እኔና እማማ እንሠራለን። መጀመሪያ ከበሩ ሥር ሽብልቅ አስገቡኝ፤ እንጨቱ በሩን ከመሬት ትንሽ ብድግ ያደርገዋል። ቀጥሎ ብሎኑ የሚገባበትን ቦታ በከሰል ምልክት አስደረጉኝ። እኔ ከታች ልጀምር ጎንበስ ስል "ከላይ!" አሉ። "የላዩን ማጠፊያ አስቀድም። በር ከትከሻው ሲያዝ ነው ቀና የሚለው።" የራሳቸውን ትከሻ በግራ እጃቸው እያሹ ነበር ይህን ሲሉ። እኔም ያሉኝን አደረግሁ፤ በእውነት እላችኋለሁ፣ በዚያን ጊዜ ስለ ግጥም አላሰብኩም። የማስበው ካቻቢቴው እንዳይንሸራተተኝ ብቻ ነበር።

የአሱር ሶላት ሲደርስ በሩ ቆመ። ሳይፍቅ ይከፈታል፣ ሳይጮህ ይዘጋል፣ መቀርቀሪያውም በውስጥ ነው። እማማ ገብተው ከውስጥ ቀረቀሩና "አይከፈትም!" ብለው ጮኹ፤ ከፍተው ወጡና ደግመው ገቡ። ከዚያ የማሽላ ቂጣ በእርጎ አቀረቡልን። ልሄድ ስነሣ እማማ ከአጥሩ ወዲያ አሻግረው አዩና "የመስኮቷ ሴትዮ እየመጣች ነው" አሉኝ። በጓሮ በኩል አስወጡኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ያበጠውን ጣቴን አየች። "ምን ነካህ?"

"ግጥም።"

ቁጭ አድርጋ በሞቀ ውኃና በጨው እያጠበችልኝ ሁሉንም ነገርኳት። መቀርቀሪያው ላይ ስደርስ የምታጥብበት ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። በትዳራችን ዘመን ከጻፍኩት ሁሉ እንዲህ ያሳቃት አልነበረም፤ ይህን ደግሞ አልጻፍኩትም፣ ተናገርኩት እንጂ። ልብ አላልኩትም።

ልብ ባለማለቴም ዐርብ ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ በሩ የአገር በር ሆነ። ወይፈኑ የዘመን ወይፈን ሆነ። እማማ ባልቴት ሆነው ደፉ ላይ ተቀምጠው አነቡ። መሣሪያው በሣጥን ውስጥ ዛገ። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ሰውየው ሞቱ እንዴ?" አለችኝ ደንግጣ።

"አይ፣ በግጥሙ ነው።"

"እርጎ ያበሉህን ሰውዬ?"

"ግጥም እኮ ነው።"

"ምን አደረጉህ?" አለች። "ትከሻውን እያመመው በር ያስገጠመህን ሰው እንዴት ትገድላለህ? ኧረ አላህን ፍራ!"

እንዲህ ዓይነት ትችት ከክበባችን ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱን ቀደድኩ። አባባን ከሞት አስነሣኋቸው፣ መሣሪያውን ዘይት ቀባሁት፣ አገርን ከበሩ ላይ አወረድኳት። የቀረኝ ሽብልቅ፣ ከሰል፣ ማጠፊያና በእያንዳንዱ ማጠፊያ ላይ ሦስት ብሎን ነበር። አሥራ አራት መስመር ወጣው። ከነሱ ውስጥ የምወደው እነዚህን ሁለቱን ነው፦

የላዩን ማጠፊያ አስቀድመህ ያዘው፤
በር ከትከሻው ነው ቀና የሚል፣ ስታግዘው።

የምወዳቸውም የኔ ስላልሆኑ ነው። የአባባ ንግግር ናቸው፤ እኔ ቤት እንዲመቱ ጫፋቸውን ብቻ ጎንተል አደረግኋቸው።

ቅዳሜ አነበብኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ጣቴ ታሽጎ ስለነበር ወረቀቱን መያዝ ራሱ ሥራ ሆኖብኝ ነበር። ስጨርስ አንድ ወጣት አባላችን "ይቺ ግጥም ሳትሆን የአናጢ መመሪያ ናት" አለ። ነርሷ "አንተ ዝም በል፣ ጣቱን አታየውም?" አለችው። በጣቴ ተደግፌ እንዳለፍኩ ገባኝ።

መምህሩ ትንሽ አሰቡና "ማጠፊያው ስንት ብሎን አለው?" አሉኝ።

"ሦስት" አልኩ ሳልውል ሳላድር።

"ተቀመጥ" አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ይህ ሙገሳ ነው።

ሙገሳው አጠፋኝ። ከዚያ ወዲያ ያልነካሁት ነገር አልቀረም። ስለ ማንቆርቆሪያ ጻፍኩ፣ ስለ መጥረጊያ ጻፍኩ፣ ስለ ባጃጅ የኋላ ወንበር ሃያ ሁለት መስመር ጻፍኩ። በመሥሪያ ቤቱ ያለውን የፋይል መደርደሪያ ስዳብስ አለቃዬ አይቶኝ እረፍት እንድወስድ መከረኝ። በሦስተኛው ወር መምህሩ ወደ ጎን ወሰዱኝና "ልጄ፣ የነካኸውን ሁሉ ጻፍ አላልኩም" አሉኝ። እኔማ መንካት ብቻውን የሚበቃ መስሎኝ ነበር። እርጎ ካላበሉህ፣ ካልሳቁብህ፣ ጣትህን ካልመታህ መጥረጊያ መጥረጊያ ነው።

የበሩን ግጥም ለበሩ ባለቤቶች ማንበብ እንዳለብኝ የተናገረችው ባለቤቴ ናት። አንድ የገበያ ቀን ደግሜ ወደ ጨፋ ሮቢት ሄድኩ። ያለ ደብተር ነው የሄድኩት። እማማ ከሩቅ አይተውኝ "ገጣሚው! ገጣሚው መጣ!" ብለው ተጣሩ፤ የእህል ተራው በሙሉ ወሬውን ያውቅ ኖሮ በሳቅ ተቀበለኝ። ቤት ወሰዱኝ። በሩ ቆሟል።

አባባ ከበሩ ፊት ለፊት ጥላ ላይ ተቀምጠው ነበር። ግጥሙን በቀስታ አነበብኩላቸው። የራሳቸው ንግግር ላይ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። ሲያልቅ "ማሻአላህ" አሉ። ቀጥለው "ብሎኑ ግን አራት ነው" አሉኝ።

"ሦስት ነው፣ አባባ። እኔ ነኝ የገጠምኩት።"

"ቁጠረው እስቲ።"

ሄጄ ቆጠርኩ። በላዩም በታቹም ማጠፊያ ላይ አራት አራት ነው። በእጄ ገጥሜው፣ በጣቴ ዋጋ ከፍዬበት፣ በክበብ ፊት ሳልውል ሳላድር መስክሬለት፣ አራት ነው። አባባ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? ከሚሴ ተመልሼ "ሦስት"ን አውጥቼ "አራት"ን ሳስገባ ቤት መምታቱ ተበላሸ። ሁለት ቀን ታገልኩት፣ አልስተካከል አለ። እንዳለ ተውኩት፤ መስመሯ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ለመምህሩም ነገርኳቸው። "ይሻላታል" አሉ።

ያን ቀን ልሄድ ስነሣ አባባ ተቀመጥ ብለው ስለ አሰብ ማውራት ጀመሩ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ከባቲ አብሯቸው ስለወረደ ጓደኛቸው፣ ሌሊት ጣሪያ ላይ እርጥብ አንሶላ ለብሰው ስለመተኛታቸው። ልጻፈው ብዬ ኪሴን ዳበስኩ፣ ደብተር አልነበረኝም። ስለዚህ ዝም ብዬ ሰማሁ። ብዙ ሰማሁ። አንዳንዱን ረስቼዋለሁ።

እማማ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። "መቼ ትመለሳለህ?" አሉኝ።

"ኢንሻአላህ፣ በሚቀጥለው ገበያ።"

"በገበያ ቀን አትምጣ" አሉኝ። "ሳቄን ስስቅ ጣሳው ይሞላብኛል፣ ማሽላዬን ትርፍ እሰፍራለሁ። በሌላ ቀን ና።"